ሽማግሌ የላክንበት ኮድ

የሺንሺቾ ተወላጅ ከሆነ መምህር ጋር ሆሳዕና ውስጥ ኮምፒውተር እናስተምር ነበር። ለትምህርት ቤቶቹ በእርዳታ የሚመጡት ማሽኖች ያረጁ ስለነበሩ ነፃውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንጭንባቸው ነበር፤ ማንም ወስዶ እንዲያሻሽለውና እንዲያባዛው የተፈቀደ ነው። አማርኛ ግን አያውቅም። መምህሩ ሁለት ክረምት ቤቱን ዘግቶ የአማርኛ መጻፊያና ፊደል ሠራለት፤ ኮዱን በሙሉ ራሱ ጻፈው። ሲዲውን ያባዛሁት እኔ ነኝ፤ ለሌሞ ገጠር በጋሪ፣ ለአዲሎና ለሺንሺቾ በሚኒባስ ላክሁ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ማስጠንቀቂያ ደረሰን። መምህሩ ቀድሞ የሠራበት ድርጅት ባለቤት፣ «ኮዱ ከእኔ ቤት የወጣ ነው» ይላል። የጻፈ ብቻ ሳይሆን ያሰራጨም በሕግ ይጠየቃል፤ እኔን ማለቱ ነው። መምህሩ ከዚያ ቤት አንዲት መስመር አልወሰደም። ኮዱን ከላይ እስከ ታች እየጠቆመ አስረድቶኛል፤ ያኔም አመንኩት፣ ዛሬም አምነዋለሁ።

ጠበቃ እንያዝ አልኩ። አባቴ ተቆጣ። ከሰሜን በሥራ መጥቶ ሆሳዕና ያረጀ፣ ሰው ሲጣላ የሚጠራ ሽማግሌ ነው። «ሽማግሌ ሳይላክ ፍርድ ቤት? ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግሁት!» አለ። የመምህሩ አጎትም፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግሉ የኖሩ ሰው፣ ከእሱ ጋር ተስማሙ። ሁለቱ ጋቢያቸውን ደርበው አዲስ አበባ ሄዱ።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ አስቀድሞ ጥፋቱን ወደ ራሱ ይወስዳል። ተበደልኩ ያለው ሰው ልቡ እንዲበርድ «አጥፍተናል፣ ይማሩን» ይባላል፤ ማን ማንን በደለ የሚለው ከዚያ በኋላ ተቀምጠው የሚያዩት ነው። እነሱም እንደ ወጉ «ልጃችን ልኮን መጣን፤ አጥፍተናል፣ ይማሩን» አሉ። ሰውየው ሻይ አስመጥቶ በጥሞና አዳመጣቸው። አጠገቡ ሁለት ሠራተኞቹ ተቀምጠው ነበር፤ አባቴ እነሱንም መርቆ ተመለሰ። ለካ ምስክር ሊሆኑ ነው የተቀመጡት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ።

ሰውየው ከሰሰን፤ እኛም ጠበቃ ያዝን። ሠራተኞቹ ፍርድ ቤት ቀርበው የሰሙትን ተናገሩ። አልዋሹም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ዳኛው መምህሩን፣ «ሽማግሌዎቹን የላኳቸው እርስዎ ነዎት?» ሲሉ ጠየቁት። አልላክሁም ቢል የሽማግሌዎቹ ቃል እሱን እንደማያስረው ጠበቃችን ደጋግሞ ነግሮታል። መምህሩ ዞር ብሎ ከኋላ የተቀመጡትን ሁለት አዛውንቶች አየ።

«አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። እኔ ነኝ የላክኋቸው።»

እዚያው ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ደጅ ስንወጣ «ምን ነካህ?» አልኩት። «እነሱን ውሸታም አድርጌ ሺንሺቾ በየት በኩል እገባለሁ?» አለኝ።

ኮዱ የሰውየው ነው ተባለ፤ ማሰራጨትም ተከለከለ። እኔ ሲዲ ስሰበስብ መምህሩ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞረ የገዛ ሥራውን ከየማሽኑ አጠፋ። ሺንሺቾ ላይ አብሬው ነበርኩ። ተማሪዎቹ ስማቸውን በአማርኛ ጽፈው አስቀምጠው ነበር፤ ፊደሉን ሲያነሳው ሁሉም ስም ባዶ ሳጥን ሆነ። እንባዬ መጣ። እሱ ወደሚቀጥለው ማሽን አለፈ።

ሆሳዕና ስንመለስ አባቴ ቤት ገባን። ከመቀመጫው ተነሥቶ የመምህሩን እጅ ያዘና «ልጄ...» አለ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስታርቅ የኖረ አባቴ አንገቱን አዙሮ በሩን አየ። ከሦስታችን ሌላ ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጥ፣ በሹክሹክታ «አጥፍቻለሁ» አለው።