የሁለት ዓመቷ አስተርጓሚ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ኅዳር ሲታጠን ዕለት ነው። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን የሁለት ዓመት ሕጻን ሆኜ አረፈድኩ። እንደዚያ ቀን በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ባላፍር ኖሮ ደግሞ ዛሬ ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር፤ ለዚህ ነው የማልረሳው።

አምቦ ውስጥ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ደጁ ላይ ያነዳል። በሽታው በጭሱ ተባርሮ ይሄዳል ይባላል። የት እንደሚሄድ የሚነግራችሁ ሰው ካጣችሁ እኔን ጠይቁኝ፤ ከየቤቱ የተባረረው ሁሉ በቀጥታ እኔ ደረት ውስጥ ነበር የሚገባው። አስም አለብኝ። ያኔ ደግሞ ቀበሌው የጽዳት ዘመቻ ብሎ ስለሚያውጅ ጭሱ የትየለሌ ነው። አሮጌ ጫማው፣ የተቀደደ ጆንያው፣ የበቆሎ አገዳው፣ ሁሉም አንድ ላይ ይነዳል።

የዚያን ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የራሴ ደረት ፉጨት ነው። ተነስቼ መደቡ ላይ ቁጭ አልኩና አየሩን ልስብ ብሞክር እምቢ አለኝ። እናቴ ግቢ እየጠረገች ነበር። ገባ ብላ አንዴ አየችኝና መጥረጊያዋን ጣለች።

እናቴን ላስተዋውቃችሁ። ገበያ ላይ ጌሾ ትሸጥ ነበር። እዚያ በምላስ የሚረታት ሰው አልተፈጠረም። ነገር ግን ከኦሮምኛ ሌላ ቋንቋ አታውቅም፤ ጤና ጣቢያ በር ላይ ስትደርስ ያ ሁሉ ምላስ ይታሰራል። አባቴ ይዞኝ ሲሄድ በአማርኛ «ልጄ ትንፋሽ አጥሯታል» ይላል፤ ወዲያው እንገባለን። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ እናቴ ብቻዋን ወስዳኝ ሙሉ ጠዋት ደጅ ተቀምጠን «ቆዪ» የምትል የአማርኛ ቃል ተምራ ተመልሳለች። በዚህኛው ኅዳር አባቴ ጉደር እርሻ ላይ ነበር፤ የሚመጣው ቅዳሜ ነው።

አንቺስ አማርኛ አትችዪም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። እችላለሁ፤ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ነገር ግን በኛ ጊዜ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ካልተጠየቀ አይናገርም። ደግሞስ ትንፋሽ አጠረኝ ብሎ የሚያወራን ሰው ማን ያምነዋል?

ጤና ጣቢያው ሕጻናት ይቅደሙ የሚል ደንብ ነበረው። ደንቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ሕጻን የሚባለው ማን እንደሆነ የሚወስነው ዘበኛው መሆኑ ነው። ኦቦ ደበላ ይባላል። ዕድሜ ብሎ ነገር አይጠይቅም። በጀርባ ታዝሎ የመጣ ሕጻን ነው፤ ይገባል። በእግሩ የመጣ ትልቅ ነው፤ ይሰለፋል። በእግሩ ከመጣ ምን ሆነ ብሎ ነው። ኦቦ ደበላ ራሱ የኛው ሰፈር ሰው ነው፤ በገበያ ቀን ከእናቴ ጋር በጌሾ ዋጋ በኦሮምኛ ሲጨቃጨቅ ነው የሚውለው። የዘበኛ ኮፍያውን ሲደፋ ግን ኦሮምኛው ይጠፋበታል።

ስንደርስ ሰልፉ አጥሩን ታክኮ ተዘርግቷል። የከተማው ጭስ ያባረራቸው ሁሉ እዚያ ናቸው። ግማሹ ያስላል፣ ግማሹ እንደኔ ያፏጫል። አንዲት ሽክ ያለች ሴት መጥታ ለኦቦ ደበላ በአማርኛ ሁለት ቃል ነገር ጣል አደረገችና ከኔ የሚበልጥ ልጇን እጁን ይዛ ገባች። ልጁ አያስልም፣ አያፏጭም፤ ከረሜላ ይመጥጣል። ቀጥሎ አንዲት የገጠር ሴት ሕጻን አዝላ መጣች፤ እሷም ገባች።

እናቴ ይህን ሁሉ ቆማ አየች። ከዚያ እጄን ጎትታ ከጽድ አጥሩ ጀርባ ወሰደችኝና ጀርባዋን ሰጥታኝ ተንበረከከች። ነጠላዋን እያዘጋጀች «ኮቱ» አለችኝ፤ ነይ ማለቷ ነው።

ወዲያው ገባኝና ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ሰልፉ ውስጥ የክፍሌ ልጆች አሉ። እናቴ ጀርባ ላይ አንድ ጊዜ ካዩኝ እስክዳር ድረስ ስሜ እሱ ነው።

«ከመሞትና ከማፈር የቱ ይሻልሻል?» አለችኝ በኦሮምኛ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ አሰብኩበት። ከዚያ ደረቴ መልሱን ራሱ ሰጠና ጀርባዋ ላይ ወጣሁ።

ጭንቅላቴን በነጠላው ሸፈነችልኝ። እግሮቼን አጣጥፋ ወደ ውስጥ ከተተቻቸው። እግሮቼ ግን የሁለት ዓመት ልጅ እግር መሆን አልቻሉም፤ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ኮንጎ ጫማዬ ሹልክ ብሎ ወጣና ጉልበቷ ላይ ይንጠለጠል ጀመር። እንዳልናገር ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ። ሕጻን አይናገርም።

ሰልፉን አልፈን ስንሄድ አንዲት ሴት ይቺ ሕጻን ስንት ቁጥር ጫማ ነው የምታደርገው ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ። የሳቁም ነበሩ። በነጠላው ቀዳዳ የኦቦ ደበላ ዓይን ኮንጎዬ ላይ ሲያርፍ አየሁ። ዕድሜ የማይጠይቀው ሰው ያን ቀን ጠየቀ። እናቴ ሁለት ጣቷን አወጣች። ኦቦ ደበላ ጫማዬን ድጋሚ አየና በሩን ከፈተው።

ውስጥ ያለው ሐኪም ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ነው። ኦሮምኛ አይችልም። አጎንብሶ እየጻፈ ዕድሜ ሲል ኦቦ ደበላ ከበሩ ላይ ሆኖ ሁለት ዓመት ብሎ ጮኸለት። ሐኪሙ ተነስቶ በነጠላው ላይ ጀርባዬን አዳመጠ። ማዳመጥ እንኳን አያስፈልገውም ነበር፤ ፉጨቴ ክፍሉን ሞልቶታል። ፈጠን ብሎ መርፌውን አነሳና ከብልቃጡ ትንሽ ነገር ሳበ። በጣም ትንሽ። ለሁለት ዓመት ሕጻን የሚበቃውን ያህል ማለት ነው።

ይሄን እኔም እናቴም አላሰብነውም ነበር።

እናቴ ፊደል አትቆጥርም እንጂ ያቺን መርፌ በደንብ ታውቃታለች። አባቴ ባለበት ጊዜ ሁሉ እጄን ይዛ የምትቆመው እሷ ናት። ስንት ያህል ሲሞላ እንደሚሻለኝ ዓይኗ ለምዶታል። ስለዚህ «ሂን ገኡ» አለችው፤ አይበቃም ማለቷ ነው። ሐኪሙ መርፌውን የፈራች መስሎት አይዞሽ አላት። እሷ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። እሱም አይዞሽን ደገመው። ሦስተኛውን ጊዜ እጁን ያዘችው።

ሐኪሙ ግራ ገባውና ወደ በሩ ዞሮ ኦቦ ደበላን መጥቶ እንዲተረጉም ጠራው።

የእናቴ ጀርባ ድርቅ ሲል ተሰማኝ። ኦቦ ደበላ መጥቶ ነጠላውን ቢገልጥ ተመልሰን ሰልፉ ጭራ ላይ ነን። እስከዚያ የምቆይበት ትንፋሽ የለኝም። ዝም ብል ደግሞ የምወጋው የሕጻን መድኃኒት ነው። ሕጻን አይናገርም የተባለውን ትቼ አፌን ከፈትኩ።

«ዶክተር... አይጥሩት... መድኃኒቱ አይበቃም... ነው የምትለው።»

ሐኪሙ መጀመሪያ ያየው ጠረጴዛው ሥር ነው። ቀጥሎ መስኮቱን አየ። በመጨረሻ ነጠላውን ቀስ ብሎ ገለጠና ዓይን ለዓይን ተያየን። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ የተንጠለጠለውን ኮንጎዬን እያየ ዕድሜዬን ጠየቀኝ።

እኔ አንዴ አስተርጓሚነት ገብቻለሁ። ስለ ራሴ የተጠየቅኩትንም ሳልመልስ ለእናቴ በኦሮምኛ ተረጎምኩላት። እሷ ምንም ሳታፍር መለሰችለት። እኔም ሳልቀንስ ሳልጨምር አቀበልኩት።

«ለበሩ... ሁለት ነው። ለመርፌው... ዘጠኝ።»

ሐኪሙ ከንፈሩን ነከሰ። የሚቆጣን መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ብልቃጡን ድጋሚ አንስቶ እየሳበ ነው፤ ዓይኑ እናቴ ላይ ነው። እናቴ በቃ በሚል ጭንቅላቷን ስትነቀንቅለት አቆመ። በኋላ ሳስበው ልኩን ራሱ ያውቀዋል፤ እንዲያው እንድታርፍ ብሎ ነው። ከእናቴ ጀርባ አውርዶ አልጋው ላይ አስቀመጠኝና ወጋኝ።

አስም የሌለበት ሰው ቀጥሎ የሆነውን ላስረዳው ብል አይገባውም። ደረቴ ላይ የተቀመጠ ሰው ቀስ ብሎ ተነስቶ የሄደ መሰለኝ። አየሩ ገባ። ደግሞ ገባ። እናቴም አየር እንደተራበ ሰው አብራኝ በረጅሙ ተነፈሰች። ያኔ ነው ሐኪሙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ የሳቀው።

ሳቁን ሲጨርስ፣ በሩ ላይ ለምን ትንፋሽ አጥሯታል ብላ እንዳልተናገረች ጠይቂልኝ አለኝ። ጠየቅኳት። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች መለሰች፤ ተረጎምኩለት።

«ባለፈው ተናግሬ ነበር። ቆዪ አሉኝ።»

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ አልሳቀም። በይ እዘያት፤ በእግሯ ከወጣች ነገ ደበላ ማንንም አያስገባም አለ። ይሄን ስተረጉም እናቴ ቀድማ ተንበርክካ ነበር። እግሮቼን አጣጥፎ ነጠላው ውስጥ የከተተልኝ ሐኪሙ ራሱ ነው። ከእናቴ የተሻለ አድርጎ አልከተታቸውም።

በሩ ላይ ኦቦ ደበላ ቆሟል። ስናልፍ ጎንበስ ብሎ፣ ኮፍያውን እንደደፋ፣ በጥርት ያለ ኦሮምኛ ለእናቴ «ሙጫን ኬ ደፌ ጉደቴ» አላት። ልጅሽ ቶሎ አደገች ማለቱ ነው። ስንገባም አውቆናል ማለት ነው። እኔ ነጠላው ውስጥ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

እናቴ በዚያው ወደ ቤት የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሰልፉ መሃል ስትደርስ ቆመች። አንዲት አጭር፣ ቀጭን የገጠር ሴት ከልጇ ጋር ተቀምጣለች። ልጁ ጢም ሊያበቅል ምንም ያልቀረው ጎረምሳ ነው። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ አየር ይፈልጋል። ፉጨቱን ሳይሆን ዝምታውን ነው ያወቅኩት፤ ፉጨት የሚጠፋው በጣም ሲከፋ ነው።

እናቴ ጎንበስ ብላ ለሴትየዋ በኦሮምኛ አንድ ቃል ብቻ ነገረቻት።

«እዘይው።»

ሴትየዋ እናቴን አየች። ከጀርባዋ የተንጠለጠልኩትን እኔን አየች። ልጇን አየች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችውና ተንበረከከች። ልጁ እምቢ በሚል ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ትንሽ እንደማሰብ አለና ክንዱን አንገቷ ላይ ጣለ። እናቴ ከኋላ ደግፋ አስነሳቻት። ስትነሳ የልጁ እግር መሬት ይነካ ነበር።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሁሉም ኦቦ ደበላን ያያል። ኦቦ ደበላ ልጁን ከላይ እስከ ታች ተመለከተና ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ በትልቅ ድምፅ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኸ።

«መንገድ ልቀቁ፤ ሕጻን ነው!»

ያ ልጅ ድኗል፤ በኋላ በገበያ ቀን አየው ነበር፤ ሲያየኝ ያፍራል፣ እኔም አፍራለሁ። እናቴ አሁን አርጅታለች። ታሪኩን ለልጆቼ ስታወራ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ እግሬ ሲንጠለጠል ዛሬም ይታየኛል። ብቻ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያበግነኛል። እኔን ያተረፈኝ የእናቴ ጀርባ ጠንካራ መሆኑ ነው። ያን ቀን ሰልፉ ላይ እናታቸው የታመመች፣ ወይ እርጉዝ የሆነች፣ ወይ ጭራሽ እናት የሌላቸው ልጆች ነበሩ። እነሱ ዘጠኝ ዓመታቸውን ይዘው እዚያው ተቀምጠው ቀሩ።