አራተኛው ስም

እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ መምህራችን ዘራችንን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ሰኞ ክፍል ውስጥ እንድናነብ አዘውን ነበር። የአባቴ አባት፣ አባባ፣ እሪ በከንቱ ሰፈር ያለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ስሞቹን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ገና አዲስነቱ በሚሸተው ደብተሬ ላይ በጥንቃቄ ጻፍኳቸው።

ከዚያ ማስመሪያ ልገዛ እማማ ሩቅያ ሱቅ ሄድኩ። ዓይን አፋር ስለነበርኩ የምፈልገውን በጣቴ ነበር የማሳየው። እሳቸው ግን ደብተሬን አይተው፣ "እስቲ አንብቢልኝ፣ አንቺ ድምፅ የለሽ!" አሉኝ። አነበብኩ።

"ቆይ፣ ቆይ! አያትሽን የወለደው ማነው አልሽ?"

"ደስታ።"

"ደስታማ የእናቱ አባት ነው! ያንን ምስኪን ግሪክ የት ጣላችሁት?"

ያኒ ይባላል አሉኝ። ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ፒያሳ ላይ የስንቱን ቤት ደረጃና በረንዳ የሠራ አናጢ ነበር። ለሰፈሩ ልጆች ቁርጥራጭ እንጨት ያድል ነበር፤ እማማ ሩቅያም ልጅ ሆነው ከእጁ ተቀብለዋል። ቅድመ አያቴን ሊያገባ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። አባቷ ደስታ ሦስቴም እምቢ አሉ፤ በመጨረሻ አስፈራርተው አባረሩት። በባቡር ሄደ። ልጁ፣ አባባ፣ የተወለዱት እሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ በእናታቸው አባት ስምም ተጠሩ። አባትየውን ያባረሩት ሰውዬ አባት ተባሉ!

ቤት ገብቼ፣ "አባባ፣ ያኒ ማነው?" አልኩ።

አክስቴ ቀደመቻቸው። "ያቺ አሮጊት አፏን አትዘጋም? ነገ ክፍል ቆመሽ ዲቃላ ነን ልትያቸው ነው?"

"የያኒ አባትስ ማን ይባላል?"

አባባ ያውቁ ነበር፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። "እንደነገርኩሽ አንብቢና ማርክሽን ተቀበይ" አሉኝ።

ዛሬ አባባ የሉም፤ ስሙንም ይዘውት ሄደዋል። የእማማ ሩቅያ ሱቅ ፈርሶ መንገድ ሆኗል። ስድስት ኪሎ ስማር ትርፍ ጊዜዬን ያኒን ስፈልግ ጨረስኩት፤ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልሶ የአባቱን ስም ይጠይቀኛል። ያኔ የተናደድኩት ስለዋሹኝ ነበር። ዛሬ የሚያንገበግበኝ አንዲት ስም መንፈጋቸው ነው። አባባን እወዳቸዋለሁ፤ ይቅር ግን አላልኳቸውም። ያኔ በልጅነቴም አልቻልኩም።

ያኔ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ክፍል ውስጥ ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። የራሴን፣ የአባቴንና የአባባን ስም አነበብኩ። "አያቴን የወለደው ያኒ ነው። ግሪክ ነው፤ አናጢ ነበር" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

"ቀጥይ እንጂ፣ ገና አራት ነው" አሉ መምህሩ።

"ከዚያ በላይ አልነገሩኝም" አልኩና ቁጭ ብዬ፣ ደስታንና ከእሳቸው በላይ ያሉትን ስሞች ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰረዝኳቸው።