ሲጥ የሚል በር የታዘዘው አናጢ

ቶማ አናጢ ነው። ሶዶ ውስጥ ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ትይዩ በቆርቆሮ የተከለለ የሥራ ቦታ አለው። ሃያ ስድስት ዓመት በር፣ መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን ሲሠራ ኖሯል። በር ሠርቶ ካስረከበ በኋላ አንድ ወር ቆይቶ፣ ማንም ሳይጠራው ይሄድና ከፈት ዘጋ አድርጎ ያዳምጠዋል። ትንሽ ድምፅ ከሰማ ግራሶ ቀብቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ኪሩቤል የሚባል ወጣት ሊያሠራው መጣ። ከአዲስ አበባ ተመድቦ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ጥቁር ሹራብ ከላዩ የማይወርድ ልጅ ነው። ከተማሪዎቹ ጋር ፊልም ሊሠራ ነበር።

«ጋሽ ቶማ፣ በር ይሠሩልኛል?»

«ሥራዬ እሱ ነው።»

«ሲከፈት ሲጥ የሚል እፈልጋለሁ።»

ቶማ የሰማውን ስላላመነ ወደ እኔ ዞር አለ። እኔም ትከሻዬን ሰበቅሁ።

«ሲጥ እንዳይል ማለትህ ነው አይደል?»

«እንዲል! ያውም ረዘም አድርጎ፣ ሰው እንደሚያቃስት።»

ኪሩቤል አግዳሚው ላይ ተቀመጠና አስረዳው። የፊልሙ ዓይነት ጎቲክ ይባላል፤ የራሱ ወግ አለው። አሮጌ ትልቅ ቤት ይኖራል፣ ረጅም ኮሪደር ይኖራል፣ ውጭ ጭጋግና መብረቅ ይኖራል። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ሻማ ይዛ ብቻዋን ትሄዳለች። የቤቱ ጌታ ሞቷል፤ ቢሆንም ከቤቱ አልወጣም።

«መብራት የላቸውም?» አለ ቶማ።

«አላቸው። ይጠፋል።»

«ልጅቷ ከፈራች ለምን ትገባለች?»

«ካልገባች ፊልም የለም፣ ጋሼ።»

ቤቱን አግኝተዋል፤ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ሰው የለቀቀው የድንጋይ ቤት ነው። መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ጋርደው ሌሊቱን በቀን ሊቀርጹት አስበዋል። «ጭጋጉ ከተራራው ሲወርድ ደግሞ እንዴት እንደሚያምር!» አለ ኪሩቤል።

«ያምራል ትላለህ። እኛ ልብስ አልደርቅ ብሎን ሳምንታችን ነው» አለው ቶማ።

ትእዛዙ በሩ ብቻ አልነበረም። ጫፉ የሾለ ጠባብ መስኮት፣ መደገፊያው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ወንበር፣ ዘጠኝ ደረጃ ያለው መሰላልም አለበት። ቶማ መሰላሉ የት እንደሚያደርስ ጠየቀ። ግድግዳ ጋ ነው ተባለ። «ታዲያ ማን ይወጣዋል?» ሲል፣ ልጅቷ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ቀረጻው እንደሚቋረጥ ተነገረው። ቶማ ዘጠኙንም ደረጃ አንድ ሰው በእርግጥ እንደሚወጣቸው አድርጎ አጠንክሮ ሠራቸው። ሌላ አሠራር አያውቅም።

የመጨረሻው ትእዛዝ የሬሳ ሣጥን ነበር። ቶማ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ሣጥን ይሠራል፤ ሁልጊዜ የሚጠይቀውንም ጥያቄ ጠየቀ።

«የሟቹ ቁመት ስንት ነው?»

«ሟች የለም። ተዋናዩ ግን አንድ ሜትር ከሰማንያ ነው።»

«ታሟል?»

«ኧረ ደህና ነው! እዚያ ውስጥ ይተኛና ክዳኑን ከውስጥ ይከፍተዋል።»

ቶማ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። የዚያን ዕለት ሥራውን ቶሎ ዘግቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ሚርያም የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ከሆስፒታል ከወጣች ሳምንቷ ነበር። ሁሉንም ነገራት። «ሥራ ነው፤ ሥራለት። ልጁ ክፉ አይመስልም» አለችው።

በሩ አምስት ቀን ፈጀበት። ድምፅ ማጥፋት እንጂ ድምፅ ማውጣት ለምዶ አያውቅም። ማጠፊያውን አጠበቀው፤ በሩ ዝም። ዝገት ቀባው፣ አሸዋ ነሰነሰበት፤ ዝም። ሱቄ ሆኜ ሲከፍትና ሲዘጋ፣ ሲከፍትና ሲዘጋ አየው ነበር። በአምስተኛው ቀን ዝናብ የመታው እንጨት አብጦ በሩ ሲጥጥ ሲል ቶማ «አለ! አለ!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው አፈረና አለማየቴን አረጋግጦ መጋዙን አነሳ። አይቼዋለሁ።

ነገሩ የተበላሸው ሣጥኑን ባደረሰ ዕለት ነው። ረፋድ ላይ ያካፋል። ቶማ ሣጥኑን ጋሪ ላይ ጫነ፤ ቀለሙ እንዳይበላሽ ኪሩቤል በሰጠው ጥቁር ጨርቅ ሸፈነው፤ እንዳይንሸራተት በእጁ ደግፎ፣ ለካፊያው አንገቱን ደፍቶ ከጎን ከጎኑ ይራመዳል። መንገደኛው ቆመ። ባለሱቆች በራቸውን ገርበብ አደረጉ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ማን ነው?» አሉት።

«ማንም አይደለም» አለ ቶማ።

ሽማግሌው ሐዘን አፉን ያሰረው መሰላቸው፤ ተከተሉት። ሌሎችም ተከተሉ። ቶማ ሰው ለምን ከኋላው እንደሚሄድ አልገባውም፤ ምናልባት ቀረጻ ሊያዩ ይሆናል ብሎ አሰበ። የድንጋዩ ቤት ሲደርሱ አርባ ያህል ሰው ነበር። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና አንገቷ ላይ ቀይ ቀለም የፈሰሰባት፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ልጅ በጭስ ታጅባ ወጣች። ተዋናይዋ ሔርሜላ ነበረች፤ ጭሱም ከማሽን ነው። ግማሹ ሰው ሮጠ። ግማሹ ጸሎት ጀመረ። ሔርሜላም የሚጸልይባት ሕዝብ ስታይ ደንግጣ ተመልሳ ገባች።

ከተማ ውስጥ ግን ሌላ ወሬ ሮጧል። ቶማ ሣጥን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ታይቷል፤ ሚስቱ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነበር፤ እንግዲህ ሚርያም ሞታለች። አንዱ ወደ ቤሌ ከተማ ደወለ። የቶማ ታላቅ እህት ቦሼ የምትኖረው ቤሌ ነው፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ እሱን ያሳደገችው እሷ ናት። ለገበያ ያዘጋጀችውን፣ ቦይና የሚሉትን ጎደሬ እዚያው ጥላ አውቶቡስ ላይ ወጣች፤ ሶዶ እስክትደርስ አለቀሰች፤ ከመናኸሪያው በባጃጅ መጣችና እየጮኸች ወንድሟ ግቢ ገባች።

በሩን የከፈተችላት ሚርያም ናት። ነጭ ነጠላ ተከናንባ፣ ከሕመሙ ገርጥታ።

ቦሼ ጩኸቷን አቋርጣ ደጃፉ ላይ ዘጭ አለች። ሚርያም ደግሞ ያችን ጠንካራ ሴት እንዲህ ሆና ስታያት አንድ ነገር ብቻ ታያት፦ ቶማ አንድ ነገር ሆኗል። «ቶማዬ!» ብላ አጠገቧ ወደቀች። ቦሼም የወንድሟን ስም ስትሰማ የሞተው እሱ መሰላት። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። ጎረቤት ለለቅሶ ገባ፤ ማን እንደሞተ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም የሚያውቅ ይመስለዋል።

ቶማ ቀረጻው ቦታ ውሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። እኔም ወሬውን ሰምቼ ሱቄን ዘግቼ እዚያ ቆሜ ነበር፤ ፊቱን አየሁት። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት፤ ማንም ምንም አላለውም። ከግቢው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ቢበዛ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ቀስ ብሎ ሄደ። ሚርያምን በሕይወት ሲያያት ተንበረከከ፤ እሷም እሱን ስታይ ጮኸች፤ ቦሼ ሁለቱንም ስታይ መጀመሪያ ፈጣሪን አመሰገነች፣ ቀጥላ ወንድሟን በጥፊ አለችው።

«ሣጥን ለጨዋታ?» አለችው። «ሣጥን ለጨዋታ ይሠራል?»

«ፊልም ነው እትዬ…»

«የምን ፊልም! እኔ በአንድ መንገድ ሁለት ሰው ቀብሬ መጣሁ!»

በማግስቱ ኪሩቤል ይቅርታ ሊጠይቅ ስኳርና ሳሙና ይዞ መጣ። ቦሼ ከላይ እስከታች አየችው። «ልጄ፣ ሰው ለማስፈራራት ይህ ሁሉ ጭስና ጨለማ ለምን አስፈለገ? ስልክ ብቻ ይበቃል እኮ» አለችው። ኪሩቤል ስኳሩንና ሳሙናውን አቀበላት።

ፊልሙ የታየው ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። ቶማ፣ ሚርያም፣ ቦሼና እኔ አንድ ረድፍ ላይ ተቀመጥን። በሩ ሲከፈት ቶማ ክርኔን ያዘ። «ይህ የእኔ በር ድምፅ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በኋላ እንደሰማነው የእሱ አጭር ሆኖባቸው ከኮምፒውተር ሌላ ድምፅ ጨምረውበታል። አምስት ቀን የለፋበት!

ከዚያ ሣጥኑ መጣ። ሙዚቃው ቆመ። ሻማው ተርገበገበ። ክዳኑ የፀጉር ያህል ከፈት አለ፤ ቆየ፤ አራት ጣቶች ወጡ። አዳራሹ ጮኸ። ቶማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር።

«አንተው ሠርተኸው!» አለች ቦሼ፤ እሷም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ከልላለች።

ስንወጣ ቶማ ኪሩቤልን አስቆመው። «እያንዳንዷን ምስማር አውቃታለሁ። የቀለሙ ሽታ ገና ከእጄ አልለቀቀም። ለምን ፈራሁ?»

«ሣጥኑን አይደለም የፈሩት፣ ጋሽ ቶማ። መጠበቁን ነው። ክዳኑ ቶሎ ቢከፈት ይስቁ ነበር።»

ቶማ «ያን ቀን ግቢው ውስጥ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ሚርያምን ክንዷን ይዞ መንገድ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ለምን እንደፈራ ገብቶት እንደሆነ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ገባኝም አልገባኝምም ይላል። ፊልሙ ደስ ብሎት እንደሆነም አያውቅም። ሦስት ጊዜ ሄዶ ግን አይቶታል፤ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ዓይኑን ጨፍኗል።

ዘንድሮ ኪሩቤል የሬሳ ሣጥን ያለበት ሁለተኛ ፊልም ሊሠራ መጣ። ቶማ ተቀበለው፤ ሣጥኑ በጣውላነቱ ተጓጉዞ እዚያው እንዲገጠም፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊትም ቤሌ እንዲደወል ተስማሙ። ትናንት እኔ ሱቅ ቆሞ ለቦሼ ደወለና ማንም እንዳልሞተ፣ ለፊልም ብቻ እንደሆነ አስረዳት። ቦሼ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«እሺ» አለች። «አሁን ሚርያምን ስጠኝ፤ ድምጿን ልስማ።»