ሎሚ የተባለው ዛፍ

ሥራዬ መሰላል መያዝ ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ እስቲ ሞክሩት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የአንድ ሰው ነፍስ በሁለት መዳፌ ውስጥ ሆና፣ የመጋዝ ብናኝ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ያዝ ሲሉኝ ይዤ ልቀቅ ሲሉኝ ለቅቄ ኖሬአለሁ። መሰላሉን የምጭነውም መኪናውን የምነዳውም እኔው ነኝ፤ ምስጋናው ግን ሁልጊዜ ላይ ለወጣው ሰው ነው። ላይ የሚወጣው ደግሞ የከተማችን ዛፍ ከርካሚ፣ ባልደረባዬ ነው። የማወራችሁም ስለ እሱ ነው።

ቅጽል ስሙ ተቀጽላ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የወጣለት በሥራው ነው። ተቀጽላ መሬት ሳይነካ ዛፍ ላይ የሚበቅል ተክል ነው፤ ወፍ ፍሬውን ትበላና የሚያጣብቀውን ዘር ቅርንጫፍ ላይ ጥላው ትሄዳለች። ዘሩ ቅርፊቱን ሰርስሮ ይገባና የዛፉን ውሃ እየጠጣ ይኖራል። በበጋ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ሲቆም እሱ እንደለመለመ ነው፤ ዓይኑን በጨው አጥቧል። ሲበዛ ቅርንጫፉ ይደርቅና መንገደኛ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ እየዞርን እንቆርጣለን።

ቤት ውስጥ ግን ስሙን ያወጡለት አማቱ ናቸው፤ ምክንያታቸውም ሌላ ነው። ሲያገባ፣ ቤት እስክናገኝ ለአንድ ዓመት ብሎ እሳቸው ግቢ ከኋላ ያሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ገባ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ሴትዮዋ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ አራት ነጥብ የጎደለው ዓረፍተ ነገር ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። "ወፍ ዘሩን የምትጥለው በሌላው ሰው ዛፍ ላይ ነው፤ ለእኔ ግን ልጄ ላይ ጣለችብኝ" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱ እየሳቀ ያልፈዋል። ሆዱ ግን አልሳቀም፤ እሱም በበኩሉ ስም አወጣላቸው። ሎሚ አላቸው። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ሰላም ያላቸው ሰው ሁሉ ይገባዋል። ይህን ስም የምናውቀው እሱ፣ እኔና ደብተሩ ብቻ ነበርን።

ደብተሩ የነገሩ ሁሉ ሥር ነው። ሽፋኑ በፕላስተር የተጠጋገነ፣ ዛፍ ለዛፍ ያረጀ ወፍራም ደብተር ነው። ከመሰላል በወረደ ቁጥር የመኪናው ትርፍ ጎማ ላይ ይቀመጥና ይጽፋል። ማንም ጻፍ አላለውም፤ እኔም ፀሐይ ላይ አቁሞኝ ሲጽፍ ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ። መንገድ ዳር ያለ ዛፍ ከሆነ የዛፉን ዓይነት ይጽፋል፦ ግራቪሊያ፣ ፖስታ ቤቱ ጎን፣ ሦስት ቁጥቋጦ። ሰው ግቢ ውስጥ ያለ ከሆነ ግን ዛፉ ባለቤት አለውና የባለቤቱን ስም ይጽፋል፦ ጥርስ ሐኪሙ፣ ሁለት። ጡረተኛው ዳኛ፣ አንድ። ሎሚ፣ አምስት።

የመጨረሻው የአማቱ ግቢ ጃካራንዳ ነው። ላዩ ላይ ያለውን ተቀጽላ በየዓመቱ ይቆጥረዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ እሳቸው መሰላል አያስጠጉም። በበጋ ከመስኮቴ የሚታየኝ አረንጓዴ እሱ ብቻ ነው ይላሉ። አማቻቸውን በተቀጽላ እየሰደቡ እውነተኛውን ተቀጽላ ሲሳሱለት፣ ነገሩ ለእኔ ተገልብጦ ነበር የሚታየኝ።

አንድ ቀን ከዕፅዋት ምርምር ተቋም አንዲት ወጣት ተመራማሪ መጣች። የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ተቀጽላው በየትኞቹ ዛፎች ላይ እንደሚያርፍ፣ ወደፊትስ እስከየት ሊደርስ እንደሚችል። ወፏ፣ ሙቀቱ፣ ዝናቡና የሚያርፍበት ዛፍ የተገናኙበት ቦታ ሁሉ በካርታው ላይ ቀይ ይቀባል አለችን። ደብተሩን አሳየናት። የአሥራ ስምንት ዓመት መረጃ በገንዘብ አይገኝም ብላ እንደ ሕፃን አቅፋው ሄደች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እየደወለች ትጠይቀው ነበር። ጥርስ ሐኪሙ ግቢ ያለው ምን ዛፍ ነው? ዘይቱን። ዳኛው ጋስ? አቮካዶ። የሰው ስም የመሰላትን ሁሉ ጠየቀች። ሎሚን ግን አልጠየቀችም። ሎሚ ዛፍ ነው፤ ምን ይጠየቃል? በሌላ አገር ተቀጽላ ሎሚ ላይ እንደሚወጣም አንብባ ስለነበር ጥርጣሬ አልገባትም።

ጥናቱ ታተመ። ተቀጽላ የሚያርፍባቸው የዛፍ ዓይነቶች ሃያ ሦስት ሆኑ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ለባልደረባዬ ምስጋና ሰፈረ። ያንን ገጽ በፕላስቲክ አሽጎ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ሌላውን ገጽ ግን አላነበበም፤ እኔም አላነበብኩም፤ የመሰላል ያዥ ስም እንደሆነ የለበት። አማቱ ገጹን በመነጽራቸው አይተው "የአያትህ ስም ላይ አንድ ፊደል ስተዋል" ብለው አለፉ። ደስታው ግማሹ ፈሰሰ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። በአራተኛው ወር ለከተማው ችግኝ ጣቢያ ጥናቱን የጠቀሰ ደብዳቤ ደረሰ። ሎሚ ተቀጽላ ከሚያርፍባቸው ዛፎች አንዱ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ከከተማው በታች ያለው የሎሚ ማሳም በካርታው ቀይ ስለሆነ፣ በጣቢያው ያለው አራት ሺህ የሎሚ ችግኝ ሳይከፋፈል እስከ ወሩ መጨረሻ ይቃጠል ይላል። ችግኙን ያፈላችው ማን መሰላችሁ? የእሱው ሚስት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ በስለት እየሰነጠቀች፣ ጠንካራ ግንድ ላይ እየቀጠለች፣ በላስቲክ እያሰረች ያሳደገችው ነው። ጣቶቿን ብታዩ ጠባሳ ብቻ ናቸው።

ማታ ደብዳቤውን ይዛ ገብታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ አንተ ሎሚ ላይ አይተህ ታውቃለህ? በጭራሽ አላት። ታዲያ ደብተርህ ነው ተብሏል አለችው። ደብተሩን ገለጠ፤ ያን ጊዜ ገባው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሱ ያመለጠው ከእስክሪብቶ ነው።

በማግስቱ አንዲት ግራቪሊያ ሥር ቁጭ ብሎ ሲነግረኝ መጀመሪያ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ፊቱን ሳየው ግን ሳቄ ጠፋ። ያን ቀን መሰላል አልወጣም፤ እኔም ውጣ አላልኩትም።

ተመራማሪዋ ጋ አብረን ሄድን። ደግ ልጅ ናት፤ ሰምታን ስታበቃ ግን ፊቷ ከበደ። ኃላፊዋን ጠርታ አማከረችው። ኃላፊው ሰውየውን አላመነውም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። ሚስቱ ችግኝ ጣቢያ ናት፤ ችግኟ ሊቃጠል ሲል ባል መጥቶ ሎሚው ሎሚ አይደለም ይላል። የግቢው ባለቤት ራሳቸው መጥተው፣ ደብተሩ ላይ ሎሚ የተባለው ጃካራንዳቸው መሆኑን አንብበው ይፈርሙ አለ። አንብበው ሲል ባልደረባዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

አማቱን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ምንም አልነገርናቸውም፤ ለልጅዎ ሥራ ፊርማ ይፈለጋል አልናቸው። ከጎኔ ተቀምጠው እስክንደርስ ድረስ የመኪናዬን ንጽሕና አንድ በአንድ ገመገሙልኝ። ባልደረባዬና ሚስቱ ከኋላ፣ ከመሰላሉ ጋር ነበሩ።

ኃላፊው ወረቀቱን ሰጣቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ጠረጉ፤ አነበቡ፤ እንደገና አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው "ጃካራንዳው ለምን ሎሚ ተባለ?" አሉ።

ተቀጽላ ኮፍያውን በእጁ ሲያሽ አየሁት። ሚስቱ ወለሉን ታያለች። አንድ ቃል ቢዋሽ ያልፍ ነበር፤ የዛፉ ቅጽል ስም ነው ቢል በቃ። ግን እሳቸው መዝገብ ቤት ኖረዋል፤ ውሸትን በጠረኑ ያውቃሉ፤ አልፈርምም ካሉ አራት ሺህ ችግኝ አመድ ነው።

"ዛፉ አይደለም እማማ" አለ። "ሎሚ ያልኩት እርስዎን ነው።"

እኔ በሩን ማየት ጀመርኩ። ኃላፊው ግን ወረቀት እንጂ ሰው የሚታየው አይመስልም፤ ይህም ቢሆን የቤተሰብ ቃል ነው፣ ከደብተሩ ከራሱ ሎሚ ሰው መሆኗን የሚያሳይ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ተመራማሪዋ ደብተሩን ስባ ማገላበጥ ያዘች። ሎሚ፣ አራት። ሎሚ፣ አምስት። ሎሚ፣ አምስት። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ቆመች። ይህን አይቼ ነበር፤ የአጻጻፍ ስህተት መስሎኝ ዘልዬዋለሁ አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችው።

"ሎሚ። ዘንድሮ አልቆጠርኩም። ሐዘን ተቀምጣለች፤ እህል አልቀምስ ብላለች። ግቢው ሲረጋጋ እቆጥራለሁ።"

ባለቤታቸው የሞቱበት ዓመት ነው። ያን ጊዜ ባልደረባዬ ሳምንት ሙሉ ከሥራ መቅረቱ ትዝ አለኝ፤ እኔ ሰነፈ ብዬ ለአለቃ ነግሬበት ነበር። እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። የሚጠርጉት መስሎኝ ነበር፤ አልጠረጉትም፤ ጭናቸው ላይ ይዘውት ቆዩ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሩ።

"ዛፍ ሐዘን ይቀመጣል እንዴ?" አሉት። "ሎሚ እኔ ነኝ። እስክሪብቶ ስጠኝ።"

ፈረሙ። ከመፈረማቸው በፊት ሁለተኛው መስመር ላይ የጎደለ አራት ነጥብ በራሳቸው እጅ አስገቡ። ሚስትየዋ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ትእዛዙ ተሰርዞ ችግኙ ተረፈ፤ ከጥናቱ ላይም ሎሚ ወጥቶ፣ ጃካራንዳ ቀድሞም ስለነበረበት፣ ዛፎቹ ሃያ ሁለት ሆኑ፤ የማሳው ቀይ ተነሣ።

ስንመለስ እሱ ከፊት፣ በእኔና በእሳቸው መካከል ተጣቦ ተቀመጠ። መንገዱ ሲጋመስ፣ በዚህ ሳምንት ቤት ፈልገን እንወጣለን፣ ከእንግዲህ ዓይንዎን ማየት አልችልም አላቸው። የምሩን ነበር፤ ጠዋት ልብሱን ጆንያ ውስጥ ከቶ እንደመጣ ለእኔ ነግሮኛል።

እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ነበር።

"ተቀጽላ ተነቅሎ ሌላ ቦታ አይጸድቅም" አሉት። "አንተ አይደለህ እንዴ ስትለፈልፍ የምትውለው?"

መንገዱ ደብዘዝ አለብኝ፤ አቧራ ይሆናል።

በማግስቱ ጠዋት ጠሩን። መሰላሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ጃካራንዳው ላይ አስጠጋን። እሳቸው ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ከታች አዘዙን፤ እዚያ ጋ፣ አይደለም ወዲህ፣ እሱን ተወው። ከአምስቱ አራቱን ቆረጠ። በመስኮታቸው ትይዩ ያለውን አንዱን አስቀሩት።

ሲወርድ እንደ ልማዱ ጎማው ላይ ተቀመጠ። ተመራማሪዋ ስህተቱ እንዳይደገም አዲስ ደብተር በአምድ በአምድ አስምራ ሰጥታዋለች፦ የዛፉ ዓይነት በአንዱ፣ የግቢው ባለቤት በሌላው። ጃካራንዳ ብሎ ጻፈ፤ አራት ተቆረጠ፣ አንድ ቀረ። የባለቤት አምድ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አንስቶ ትንሽ አሰበ። በትከሻው በኩል አጮልቄ አየሁ፤ "የእኛ ቤት" ይላል። አራት ነጥቡንም አልረሳም።