ወንድሜ ያሳየኝ ሄልሲንኪ

ሄልሲንኪን ያሳየኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከዚያ በፊት የከተማዋን ስም እንኳ በቅጡ መጥራት አልችልም ነበር።

እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል አካባቢ ነው፤ ሥራዬ ኬር ሆም ውስጥ አዛውንት መንከባከብ ነው። ወንድሜ ደግሞ በስደት ፊንላንድ ገብቶ እዚያው ቀረ፤ ሄልሲንኪ ውስጥ ትራም ይነዳል። ሃያ ሁለት ዓመት ሳንተያይ ኖርን። በደወልኩ ቁጥር "ወደዚህ ና፣ ፕሮሰሱን እኔ እጨርሳለሁ" እለዋለሁ፤ እሱ "እስቲ እናያለን" ብሎ ወሬ ይቀይራል። በመጨረሻ ቫኬሽን ወስጄ በመጋቢት ወር ራሴ ሄድኩ። ለልጄ "አጎትሽን ሳላሳምን አልመለስም" ስላት፣ ከስልኳ ቀና ሳትል "ጉድ ላክ" አለችኝ።

ኤርፖርት ሲቀበለኝ ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። "ሚጡ" አለኝ፣ ልጅ ሳለሁ እንደሚጠራኝ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ ሻንጣዬን ጥዬ ሰው ፊት አለቀስኩ።

በማግስቱ ሥራ ስለነበረው ከተማውን ያየሁት እሱ በሚነዳው ትራም ነው። ከጀርባው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እየነዳ ማውራት ስለማይፈቀድለት ዝም ብዬ በመስኮት አየሁ፦ ረጅም ደረጃ ላይ ጉብ ያለ ነጭ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደቡ ዳር ድንኳን የዘረጉ ዓሣ ሻጮች፣ ከልብሳቸው መሃል አፍንጫቸው ብቻ ብቅ ያለ መንገደኞች። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳልኝ።

"ያ በቀይ ጡብ የተሠራው፣ ጉልላቱ ወርቅማ የሆነው፣ የኦርቶዶክስ ነው" አለኝ። "የመጣሁ ሰሞን ቋንቋው ሲጠፋኝ እዚያ ገብቼ እቆም ነበር። ማማተብ አይጠፋኝማ!"

ሦስት ዙር አብሬው ዞርኩ።

እሑድ ዕረፍቱ ነበር። "ባሕሩ ጋ እንሂድ፣ ግን ጎረቤቴን ይዘን ነው" አለኝ። ፊት ለፊት ያለውን በር ሲያንኳኳ ዘጠና ዓመት የሚጠጋቸው እናት ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አጥልቀው ሲጠብቁት ነበር። ደረጃው ሥር ደግሞ ሁለት ረጃጅም ብረት የተገጠመለት፣ በረዶ ላይ እየተገፋ የሚንሸራተት ወንበር አለ። እሳቸውን እዚያ ላይ አስቀምጦ፣ ብርድ ልብስ ደርቦላቸው ይገፋ ጀመር።

ሰፊ ነጭ ሜዳ ጋ ደረስን። ሰው ከነውሻው ይንሸራሸርበታል።

"ይሄ ሁሉ ሜዳ ምንድን ነው?"

"ባሕሩ ነዋ፣ በረዶ ሆኖ።"

"አልሄድም ወንድም ጋሼ! ሙት እልሃለሁ አልሄድም!"

"ስንቱን ሰው ተሸክሞ አንቺን አይጥልም። ነይ።"

ክንዱን ጨምድጄ፣ እመቤቴን እየጠራሁ ረገጥኩት። በረዶው ጫማዬ ሥር ተንኮሻኮሸ፣ ግን ቻለኝ። ትንሽ እንደሄድን አሮጊቷ በእጃቸው "ፈጠን በል" የሚል ምልክት ሰጡ፤ ያ ዝምተኛ ወንድሜ ወንበሩን እየገፋ መሮጥ ጀመረ። ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ ባሕር መሃል ብቻዬን ቆሜ አያቸዋለሁ።

ስደርስባቸው አሮጊቷ ዞረው አዩኝና አንድ ነገር ተናገሩ። ወደ ወንድሜ ዞርኩ።

"ምን አሉ?"

"'ልትወስጂብኝ ነው የመጣሽው?' ይላሉ" አለ፣ ዓይኑን ከበረዶው ሳያነሳ።

ከዚያ ነገረኝ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ራሳቸው የሠሩትን የሱፍ ካልሲ ይዘው በሩን ያንኳኩት እሳቸው ናቸው። ቋንቋውን ያስተማሩትም ወጥ ቤታቸው ውስጥ ማንኪያውን፣ ጨዉን፣ ድስቱን አንድ በአንድ እያሳዩ ነው። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። "እሑድ እሑድ የሚያወጣቸው ሌላ ሰው የለም" አለኝ።

እኔ በሰዓት እየተከፈለኝ አዛውንት የምንከባከብ ሰው ነኝ። እሑድ ጠያቂ ያለውንና የሌለውን ከፊቱ አውቃለሁ። ስንት ዓመት ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት።

"ልጠይቀው ነው የመጣሁት በላቸው" አልኩት።

ሲነግራቸው ጓንታቸውን አውልቀው እጄን ያዙኝ። እጃቸው ከእኔ እጅ ይልቅ ይሞቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ "ና" ብዬው አላውቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ቦታ ምሳ ላይ እያለሁ ደወለ። "ጎረቤቴ አረፉ" አለና ድምፁ ተቆረጠ። "ልምጣ?" አልኩት። "ነይ" አለኝ።

በግንቦት ስደርስ ባሕሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጀልባው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ወደቡ ዳር ካለው ገበያ የተጠበሰ ትንንሽ ዓሣ ገዝተን ቆመን ስንበላ፣ አንድ የባሕር ወፍ ከላይ ተወርውሮ ከእጄ ላይ መንትፎኝ ሄደ። ጮኼ ዓሣው ያለበትን ወረቀት ስለቀው የቀረው ዓሣ በሙሉ መሬት ላይ ተበተነ። ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው እንደሆነ ኋላ ላይ ነገረኝ። ከዚያ ተመልሶ ተሰለፈና ሌላ ገዛልኝ።