ከበገናው በኋላ ያለው ንግግር

ልጄ ከሞተች በኋላ ኮምፒውተሯ ውስጥ አንድ የበገና ቅጂ ቀረልኝ። በዐቢይ ጾም፣ ጎፋ ባለው ቤታችን ሳሎን ተቀምጣ ራሷ ደርድራ ራሷ የቀዳችው ነው። መዝሙሩ ሲያልቅ አንድ ነገር ትናገራለች። ምን እንደምትል ግን አይለይም፤ እዝዝ የሚል ድምፅ ይሸፍነዋል። ከፋሲካ በኋላ ልቧ ነው ተባለና ሆስፒታል ገባች። እዚያ አፏ ላይ የኦክስጅን ጭንብል ስለነበር ብዙ አላወራንም። ተመልሳ አልመጣችም። ያ ያልተለየ ንግግር እንቅልፍ ነሳኝ።

አምፕሊፋየሩንና ሁለቱን ስፒከር በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችው እሷ ናት። አንድ ነገር ይቀረዋል ትል ነበር።

«እማዬ፣ ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ጆሮ ደግሞ ቁጥር አይሰማም። ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚመልስ ጥሩ ሳጥን መሃል ላይ ያስፈልጋል፤ ዳክ ይባላል።»

እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። «ያለውስ እየጮኸ አይደል?» አልኳት።

«እሱማ ይጮኻል» ብላ ሳቀችብኝ።

ፈሪ ሰው ነኝ። ሰማይ ሲያጉረመርም ሶኬት ሁሉ እነቅላለሁ። በር ቆልፌ ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ ተመልሼ እገፋዋለሁ። ልጄ ባስነጠሰች ቁጥር ግንባሯን የምነካ ነበርኩ። ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ግን ሳጥኑን ፍለጋ ልወጣ ተነሣሁ። ባለቤቴ አልወደደውም።

«ተያት፣ ትረፍ። ምን እንዳለች ብታውቂስ ምን ታደርጊበታለሽ?»

«ጠርታኝ ከሆነስ?» አልኩት።

ቅጂውን የጎረቤት ልጅ ፍላሽ ላይ ገለበጠችልኝ። በመሐረብ ቋጥሬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት፤ ታክሲ ውስጥ እጄን ከላዩ ሳላነሣ ለቡ መብራት ኃይል ደረስኩ። የድምፅ ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ ጢሙ ሸበት ያለ፣ ቀልደኛ ነው።

«እዚህ የሚመጣው ሁሉ መስኮት የሚያራግፍ ቤዝ ስጠኝ ይለኛል። እርስዎ በገና ይዘው መጡ? ዛሬስ ሱቄ ተባረከ።»

«ዕቃው ያጠፋዋል እንዴ?»

«ምኑን?»

«ፍላሹ ላይ ያለውን።»

«ያነባል እንጂ አይነካም፣ እናቴ።»

ትንሽ ቆይቼ ያንኑ ጠየቅሁት። ሦስተኛ ስጠይቀው ጥቁር ልብሴን አየና ቀልዱን ተወ። ቅጂውን አስቀድሞ ሌላ ቦታ ገለበጠልኝ።

ሁለት ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንደኛው በላዩ ትንሽ አምፖል ይበራበታል። ሌላው ጥቁር ነው፣ የልብስ ሳሙና ያህል፣ የማያምር። መጀመሪያ ባለ አምፖሉን አሰማኝ። የልጄ ድምፅ ለስለስ፣ ሞቅ ብሎ መጣ። ግን መዝሙሩ ገና ሳያልቅ አንድ ነገር ጎደለብኝ።

«የበገናውን እዝታ ቆረጥከው» አልኩት።

«ይኸው አለ። ከጅማቱ ጋር ይነሣል፣ ከጅማቱ ጋር ይወርዳል። ሌላው እዝታ የመብራት ድምፅ ነው፤ ከቤትዎ ኮምፒውተር የሚመጣ።»

በገና እንደ ንብ እንደሚጮህ ሁሉም ያውቃል፤ እኔም እዝ ያለው ሁሉ የበገናዋ መስሎኝ ነበር። ከስፒከሩ አጠገብ ተቀምጬ ዓመት ሙሉ ያለቀስኩት፣ ግማሹ ለሽቦ ነበር።

«ይሄ ጉድለቱን ያለሰልሰዋል። ጥቁሩ ደግሞ ምንም አይደብቅም» አለና ቀየረው።

በጥቁሩ ሳጥን ጣቷ ጅማቱን ሲለቅ ይሰማል። ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል። በየስንኙ መሃል ትንፋሽ ትስባለች፣ አጭር አጭር። መዝሙሩ አለቀ። ከዚያ ተናገረች፦

«ቆይ እማዬ፣ ትንፋሽ አጠረኝ።»

ከወጥ ቤት በኩል የእኔ ድምፅ ደግሞ፦ «ጾሙ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ይለቅሻል።»

«አጥፋው» አልኩት።

በጾም እቤታችን ያልደከመ ሰው አልነበረም። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም ነበር። ደረጃ ስትወጣ ብረቱን ይዛ ስትቆም «ጾሙ ያዘሽ አይደል?» እያልን እንስቅባት ነበር፤ እሷም ትስቅ ነበር። ድካሟ ያኮራኝ ነበር። በሌላ ወር ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት እወስዳት ነበር። በጾም ግን ድካም በሽታ ሊሆን እንደሚችል አላሰብኩም።

ሰውዬው ውኃ ሰጠኝ። «መጨረሻው ላይ ወሬ ገብቶበታል። ልቁረጥልዎ? ዜማው ብቻ ይቀራል።»

«አይቆረጥ።»

«እሺ፣ ባለ አምፖሉን ይውሰዱ። ለጆሮ ይሻላል።»

ባለ አምፖሉ ያሳምራታል። እኔ የነበረችኝ ግን ታማ ሳላውቅላት የቀረችው ናት። ጥቁሩን ጠቅልልልኝ አልኩት። ቀዩን ገመድ ከቀይ፣ ነጩን ከነጭ ብሎ በካርቶን ላይ ሥሎ ሰጠኝ።

ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ሰክቼ ጨርሼ ነበር። ምን እንደሰማሁ አልነገርኩትም። ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ቆይ እማዬ» ስትል ቀና አለ፤ እኔ ስመልስላት አቀረቀረ።

«ማንም እናት የምትለውን ነው ያልሽው» አለኝ።

«እኔ እንደ ማንም አልነበርኩም። በትንሹም በትልቁም ስደነግጥ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ብቻ አልደነገጥኩም።»

ላጠፋው እጄን ስዘረጋ «ቆይ፣ አላለቀም» አለ።

ሱቅ ውስጥ ይህን አልሰማሁትም። በገናውን ግድግዳው ላይ ስታስደግፈው እንጨቱ ይንኳኳል። አንዴ በረዥሙ ለመተንፈስ ትሞክራለች፣ አይሞላላትም።

«እሺ እማዬ» አለች።

አምናኝ ነበር።