አያ ገሰሰን የነደፈው በሬ

አያ ገሰሰ በፎገራ ሜዳ የታወቁ የእባብ መድኃኒት አዋቂ ናቸው። መታወቃቸውን የሚጠራጠር ካለ ራሳቸውን ይጠይቅ፤ ሳይሰለቹ ይነግሩታል። መድኃኒቱን ግን አይነግሩትም። ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ ሥሩ የቱ እንደሆነ ከተነገረ ይረክሳል። ስለዚህ ሊቆፍሩ ሲወጡ ለሚስታቸው ለሸጌ እንኳ «ዘመድ ልጠይቅ ነው» ብለው ነው የሚሄዱት። ሸጌም ዶማ ተይዞ የሚጠየቅ ዘመድ ምን ዓይነት ዘመድ እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም።

የመድኃኒቱ አሰጣጥ ደግሞ እንዲህ ነው። እባብ የነደፈው ሰው አይጠጣም። የሚጠጣው ወሬውን ይዞ የሮጠው ነው። ሰው ሲነደፍ ከቤተሰቡ እግሩ የፈጠነው ተመርጦ ወደ አያ ገሰሰ ይላካል። ደጃፋቸው ሲደርስ ሳይቀመጥና ሰላምታ ሳይሰጥ መድኃኒቱ የተቀዳበትን ሽክና ይቀበላል፣ ይጨልጠዋል፣ ከዚያ አጥሩ ሥር ተንበርክኮ አንጀቱ እስኪገለበጥ ያስመልሳል። እሱ ባስመለሰ ቁጥር እቤቱ ከተኛው ሰው ገላ መርዙ ይወጣል። እንዴት ሊሆን ይችላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አገሩ ፎገራ አይደለም ማለት ነው። ተላኪው ሲጨርስ አያ ገሰሰ ግንባሩን ዳበስ አድርገው «በል ሂድ፤ ድኗል» ይሉታል። እውነትም አብዛኛው ይድናል። በተለይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሞተባቸው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ይህንንም ዕድሜያቸው ሲገፋ እጃቸው እየተባረከ የመጣ አድርገው ነበር የተረዱት።

ታዲያ ኅዳር ላይ ሩዝ ታጭዶ ነዶው ሲሰበሰብ፣ አያ ገሰሰ አንዱን ነዶ ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ከሥሩ የተኛ እባብ ቁርጭምጭሚታቸውን ነደፋቸው። ነድፏቸው ሄደ። ማንን እንደ ነደፈ ለማየት ዞር እንኳ አላለም።

አያ ገሰሰ መጀመሪያ ያደረጉት ግራና ቀኝ መመልከት ነበር፤ ሰው አይቷቸው እንደሆን ብለው። ከሸጌ በቀር ማንም አልነበረም።

«ሸጌ፣ ሩጪ!» አሏት።

«ወዴት?»

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። የአገሩ ሰው ሲነደፍ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ እዚሁ ቁርጭምጭሚታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ቤት ግቢና ከመድኃኒቱ ማሰሮ ቀድተሽ ጠጪ። ተላኪዬ አንቺ ነሽ።»

«ማነው የላከኝ?»

«እኔ!»

«ወደ ማን?»

«ወደ እኔ ነዋ!»

ሸጌ ማጭዷን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ስማኝ አንተ ሰውዬ» አለች። «አጥራችን ሥር የሚያስመልሰውን ሁሉ አመድ የማለብሰው እኔ ነኝ። ሽታውን አውቀዋለሁ፤ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልቀምሰውም። ተነሥ፣ ወረታ እንሂድ። ሆስፒታሉ የመርዝ ማርከሻ አለው ይላሉ።»

አያ ገሰሰ ከእግራቸው ይልቅ ይህ አመማቸው። እባብ ነድፏቸው ሆስፒታል ተኝተው ከታዩ አለቀላቸው፤ አባታቸው ያወረሷቸው ስም በአንድ ቀን ገበያ ይበተናል። ይሁን እንጂ እብጠቱ ስም አያውቅም፤ ወደ ባታቸው መውጣት ጀመረ። እሳት እንደያዘ ገለባ ያቃጥላቸው ጀመር። በመጨረሻ «እሺ» አሉ፤ ግን በቃል ኪዳን። ሆስፒታል ሲደርሱ በሬ ረገጠኝ ይላሉ፤ ሸጌም እባብ የሚል ቃል ከአፏ ላይወጣ በኪዳነ ምሕረት ትምላለች። ሸጌ እያጉረመረመች ማለች፤ ባጃጅ ተጠርቶ ሄዱ።

ሆስፒታሉ በዚያን ሰሞን ጥናት ላይ ነበር። በአደጋ ተጎድቶ ለቀዶ ሕክምና የሚመጣው ሰውና እባብ ነድፎት የሚመጣው ሰው ለምን እንደሚዘገይ፣ የማንኛው እግር እንደሚተርፍ፣ የማንኛው እንደማይተርፍ ይጠናል። የምታጠናው ዶክተር ሉሊት የምትባል፣ ገና ወጣት ሆና ጥያቄ የማያልቅባት ሐኪም ናት። አያ ገሰሰ አደጋ ክፍል አልጋ ላይ ጋደም እንዳሉ መጣችባቸው።

«በምን ተጎዱ አባቴ?»

«በሬ ረገጠኝ።»

አያ ገሰሰ ነገሩ በዚህ የሚያልቅ መስሏቸው ነበር።

«ከፊት ነው ወይስ ከኋላ? ተጠምዶ ነበር? ደንብሮ ነው? ከዚህ በፊትስ ሰው ተተናኩሎ ያውቃል?»

እንግዲህ ውሸት እንዲህ ነው፤ አንዴ ከተገባበት ቤቱን ሁሉ መሥራት ግድ ይላል። «ኧረ ተይኝ ልጄ! ከይሲ ነው» አሉ አያ ገሰሰ። «አምና አንድ ቄስ እጥምቀተ ባሕሩ ድረስ አሳድዷል። ሰው ሲያይ ዓይኑ ደም ይለብሳል።»

ከአልጋው ግርጌ የቆመችው ሸጌ መቻል አቃታት። «ማን? ቦራ?» አለች።

«ዝም በይ።»

«ቦራን ነው እንዲህ የምትለው? ጫጩት ረግጦ የማያውቀውን በሬ?»

«ሸጌ፣ ምለሻል!»

«ያልኩትን አላፈረስኩም! ሌላ ምንም አልናገርም። የቦራን ስም ግን ሰው ፊት አታጥፋ፤ ዓይን ዓይንህን እያየ ያረሰልህ ነው!»

ዶክተር ሉሊት አንዴ ሸጌን አንዴ አያ ገሰሰን አየችና ወደ እግራቸው ጎንበስ አለች። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጎን ለጎን የተበሱ ሁለት ትንንሽ ቀዳዶች ነበሩ። ረጅም ጊዜ ስታያቸው ቆየች።

«አባቴ» አለች ቀስ ብላ፣ «የእርስዎ በሬ በኮቴው ይናከሳል?»

አያ ገሰሰ ጣራ ጣራውን ተመለከቱ።

«ይስሙኝ» አለች። «በሬ ከሆነ ለቀዶ ሐኪሙ ነው የማስረክብዎት፤ እብጠቱ እንዲህ ከቀጠለ ሥጋውን ሰንጥቆ ማስተንፈስ ሊኖርበት ይችላል። እባብ ከሆነ ማርከሻ አለን። ማርከሻው ግን ራሱ የሚያስፈራ መድኃኒት ነው፤ በሬ ለረገጠው ሰው አልሰጥም። የቱ ነው?»

ቀዶ ሐኪሙ ማዶ ቆሞ ጓንት ያጠልቅ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ የዝግባ ግንድ የሚያህል ሰው ነው፤ ጓንቱ እጁ ላይ ሲጮህ አያ ገሰሰ ሰሙት። የአባታቸውን ስም አሰቡ፤ እግራቸውንም አሰቡ። ጓንቱ ሁለተኛ ጮኸ።

«ልጄ፣ ጆሮሽን አምጪ» አሏት። ጎንበስ ስትልላቸው በሹክሹክታ «እባብ ነው። ግን እባክሽ፣ ለክፍሉ ሰው በሬ ይሁንልኝ» አሉ።

ዶክተር ሉሊት ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። «የበሽተኛ ምስጢር አይወጣም» አለቻቸው። «ጥናቱም ላይ ስም አይጻፍም።»

ይህን ሲሰሙ አያ ገሰሰ ተገረሙ። ይህች ልጅ ሙያ ታውቃለች አሉ በልባቸው፤ መድኃኒት ምስጢር እንደሚፈልግ ገብቷታል። ክንዳቸውን ዘርግተው ሰጧት።

ማርከሻው ተንጠልጥሎ በደም ሥራቸው ገባ። ሲነጋ ማቃጠሉ ቀለል አለ፤ እብጠቱም ጉልበታቸው ሥር ቆመ። እዚያው አደጋ ክፍል ስለቆዩ በዙሪያቸው የተኛው ሁሉ ስለ በሬው ያዝንላቸው ጀመር። ከጎናቸው ጭኑ ተሰብሮ ከአንበሳሜ የመጣ አንድ ሰው «ያን አውሬ አርደው ይገላገሉት እንጂ» እያለ ይመክራቸዋል። እሳቸውም «እያሰብኩበት ነው» ይላሉ። ሸጌ ይህን በሰማች ቁጥር ጥርሷን እያፋጨች ወደ ውጭ ትወጣለች።

ረፋዱ ላይ በሩ ተበርግዶ ቻላቸው ገባ። ቻላቸው የማዶ መንደር ሰው ነው፤ ላብ አጥምቆታል፣ ጫማው አንዱ የለም።

«አያ ገሰሰ!» አለ ከበሩ ሳይርቅ፤ «ልጄን አገኘሁሽን እባብ ነደፋት! እቤትዎ ብሄድ በሬ ረግጧቸው ሆስፒታል ናቸው አሉኝ። ሽክናውን ይዘው መጥተው ከሆነ ብዬ ነው፤ ልጠጣ መጥቻለሁ!»

አያ ገሰሰ እስከ አገጫቸው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቀሩ። የሚሉት ሞልቶ ነበር። እቤት ሂድና ከማሰሮው ቀድተህ ጠጣ ቢሉት ቻላቸው እየበረረ ይሄዳል፤ ይጠጣል፣ ያስመልሳል፣ እሳቸውም ስማቸውን ይዘው ይቀራሉ። አገኘሁሽን ያውቋታል። ዶማ ይዘው በደጃፏ ሲያልፉ «ዘመዶችዎ ደኅና ናቸው አያ ገሰሰ?» እያለች የምትስቅባቸው ልጅ ናት። ትናንት በገዛ ባታቸው የወጣው እሳት አሁን በዚያች ቀጭን እግር ሲወጣ ታያቸው። በሕይወታቸው እንዲህ ፈርተው አያውቁም።

ጋቢውን ገፈው እግራቸውን አወጡ።

«ቻላቸው፣ እየው» አሉ። «በሬ አይደለም የረገጠኝ። እባብ ነው የነደፈኝ። እኔው ራሴ መድኃኒቴን ትቼ እዚህ ነው የመጣሁት፤ ያዳነኝም የእነሱ ማርከሻ ነው። የእኔን ብትጠጣው ላንተም ለልጅህም አይረባም። ሩጥ! ተሸክመህ አምጣት! ሩጥ እንጂ ምን ያቆምሃል!»

«በሬውስ?» አለ የአንበሳሜው ሰው።

«በሬውማ ንጹሕ ነው!» አለች ሸጌ፤ እፎይ ብላ።

ቻላቸው ግን አልሮጠም። ቆቡን አውልቆ በእጁ ያሻሽ ጀመር፤ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሏል።

«እሷማ...» አለ።

«እሷማ ምን?»

«እሷማ እዚሁ ናት። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክፍል። እናቷ ወዲያው ነው ያመጣቻት። ማርከሻው ተጀምሮላታል፤ ደኅና ናት ብለውኛል።»

አያ ገሰሰ ነገሩ አልገባ አላቸው። «ታዲያ አንተ እዚህ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ልጠጣ ነዋ።»

«ልጅህ ማርከሻ እየተሰጣት?»

ቻላቸው በጭንቅ ዙሪያውን ተመለከተ፤ የሚያግዘው ግን አልነበረም። «እንግዲህ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው» አለ። «የተነደፈውን ወዲህ እናመጣለን፤ አንድ ሰው ደግሞ ወደ እርስዎ ይሮጣል። ሰው ሳንልክ ከቀረን ቅር ይልዎታል ብለን ነው።»

በሩ ላይ ቆማ ትሰማ የነበረችው ዶክተር ሉሊት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ለካ!» አለች። «እባብ የነደፈው ሰው በመጣ ቁጥር አንዱ አስታማሚ ዘግይቶ ይመጣና ግቢያችን ውስጥ ያስመልሳል። እኔ እኮ ድንጋጤ ነው እያልኩ ነበር! የባህል መድኃኒት ወስደዋል ወይ ስላቸው ደግሞ ሁሉም አልወሰድንም ይሉኛል።»

«እውነታቸውን ነው» አለች ሸጌ። «በሽተኛው መቼ ጠጣ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ አያ ገሰሰ።

«ማርከሻው እዚህ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ» አለ ቻላቸው።

አያ ገሰሰ አጥራቸው ሥር የተንበረከኩት ሁሉ በዓይነ ልቡናቸው ተሰለፉባቸው። ያ ባየህ የሚሉት ጎረምሳ፣ አስመልሶ ሲጨርስ ራሱን የሳተው። ያቺ የተነደፈው የይርጋለም ነፍሰ ጡር እህት፣ አትጠጪ ቢሏት «ወንድሜ ይዳንልኝ» ብላ የጨለጠችው። ሁሉም የተነደፈው ሰው ወረታ አልጋ ላይ እንዳለ እያወቁ ነው የጠጡት። የተባረከ እጅ! ደም ፊታቸው ላይ ወጣ።

«መቀለጃ አደረጋችሁኝ!» ብለው ጮኹ።

ቻላቸው ቀና አለ። ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያቸው። «ቀልድ?» አለ። «አያ ገሰሰ፣ እርስዎ ያን ነገር ቀምሰውት ያውቃሉ?»

አያ ገሰሰ ቀምሰውት አያውቁም። ሰጪው አይቀምስም፤ ወጉ አይደለም።

«በቀልድ የሚጠጣ ነገር አይደለም» አለ ቻላቸው። «ሦስት ቀን እህል አያስቀምስም። ግን ዶክተርም ማርከሻም ባልነበረ ጊዜ፣ ሁሉ ሰው በሩን ሲዘጋብን፣ ተነሥተው የከፈቱልን እርስዎ ነዎት። ከአባቴ አልጋ ሥር ነፍሱ እስክትወጣ ተቀምጠው አብረውን ያለቀሱ እርስዎ ነዎት። አሁን መርፌ መጣ ብለን እርስዎን ከነሽክናዎ እንጣልዎ? አንድ ሰው ቢያስመልስ ምን ይጎድላል አልን፤ በተራ በተራ ጠጣነው።»

አያ ገሰሰ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ስለ በሽተኛው ሲል መራራ ሲጠጣ ያዩ ይመስላቸው ነበር። ለካ በእነዚህ ዓመታት የጠጣው ሁሉ ስለ እሳቸው ሲል ነበር። እንባቸው ያለ ፈቃዳቸው መጣ፤ ሸጌም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው።

«ከእንግዲህ አትጠጡ» አሉ ሲረጋጉ። «ሰው ከተነደፈ ሁላችሁም አብራችሁት ኑ። እኔን ስትሹ ለሰላምታ ብቻ ብቅ በሉ፤ ይበቃኛል።»

«አንጠጣ?» አለ ቻላቸው ጆሮውን ሳያምን። «የእውነት? እኔም ዛሬ?»

«ማንም አይጠጣም።»

ቻላቸው ዘሎ ጉልበታቸው ላይ ተደፋና «እግዜር ይስጥልኝ! እግዜር ይስጥልኝ!» እያለ ሳማቸው። ደስታው ልጅህ ደኅና ናት ሲሉት ከተደሰተው የሚያንስ አይመስልም ነበር፤ አያ ገሰሰም እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ መጣባቸው።